ስድስት መስታወት ይዤ ወደ ጅማ

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓ.ም.፣ በክረምቱ፣ ፍልሰታ በገባ በሰባተኛው ቀን ከኮልፌ ተነሥቼ ጅማ ደርሼ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ነው። ለብዙ ሰው ይህ ጉዞ አይባልም። እኔ ግን ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ የወጣሁት ለንግሥ በዓልና ለለቅሶ ብቻ ነበር። የያዝኩት ዕቃም የራሴ አልነበረም። ለማኅበር እኅቶቼ ደጋግሜ ከማወራው አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

በመጀመሪያ የሄድኩበትን ምክንያት ልናገር። ልጄ ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የምትሠራው ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ነገር ነው። ጣሪያ ላይ የምናየው ጥቁሩ ሶላር አይደለም። የእሷ ፖሊመር ከሚባል የፕላስቲክ ዘመድ የሚሠራ ነው፤ በፈሳሽ ይሟሟና ትንሽ መስታወት ላይ እንደ ቀለም በስሱ ይቀባል። ሲሠራ ርካሽ ነው፣ ሲያዝም ቀላል ነው። ችግሩ ካረፈበት ብርሃን ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ጥቂቱን መሆኑ ነው። የእሷ ሲጀመር ከመቶው አራቱን ብቻ ነበር የሚለውጠው። ሁለት ዓመት የደከመችው ያንን ከፍ ለማድረግ ነው።

ቀለሙ የሁለት ነገሮች ድብልቅ ነው፤ አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል። በደንብ ካልተዋሐዱ አይሆንም፤ ከልክ በላይ ቢዋሐዱም አይሆንም።

"እንደ ሽሮ ነው፣ እማዬ" አለችኝ አንድ ቀን። "ካልበሰለ ዘይቱ ለብቻው ይቆማል፤ ካለፈበት ያርራል። እኔ የምፈልገው መቼ እንደሚወጣ ነው።"

ሌላ ፈሳሽ በጠብታ ጨምራ፣ ከምድጃው የሚወጣበትን ደቂቃ አስተካክላ፣ አራቱን ስድስት አደረሰችው። ነገር ግን ራሷ ለክታ ራሷ ብትናገር አይታመንም። ሌላ ቤተ ሙከራ ለክቶ፣ ከያዘቻቸው ስድስት መስታወቶች ቢያንስ ሦስቱ እንደሚሠሩ መመስከር አለበት። ወሩ ሳያልቅ ያ ወረቀት ካልመጣ አንድ ዓመት ልትደግም ነው። ቀጠሮ የተገኘው ጅማ ነበር፣ ረቡዕ ነሐሴ ስምንት። መስታወቶቹ ደግሞ ተሠርተው በቆዩ ቁጥር ቀን በቀን ይደክማሉ።

ምሕረት በዚያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ቀን አራስ ናት። ባሏ ፈቃዱን ጨርሶ ሩቅ አገር ወዳለው የመንገድ ሥራው ተመልሷል። ዕቃውን ሊያደርስላት የነበረው የትምህርት ጓደኛዋ ታይፎይድ ያዘው። በፖስታ ይላክ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ስለዚህ እኔ ሄድኩ።

አራስ ጥሎ መውጣት ለእናት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎረቤቴ እትዬ ብርሃኔ ግን ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና አልጋው ሥር ተቀመጠች።

"ሂጂ ባክሽ" አለችኝ። "ስድስት ወልጄ ስድስቱንም አሳድጌያለሁ። ይቺን ሦስት ቀን መያዝ ያቅተኛል?"

ማክሰኞ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሲነጋ አባራ። ምሕረት መስታወቶቹን በብር ወረቀት ጠቅልላ፣ እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ጨምራ፣ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አድርጋ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋዋለች። ሕፃኗን እያጠባች ሦስት ነገር አስጠነቀቀችኝ።

"ብርሃን እንዳያየው። ሙቀት እንዳያገኘው። ውሃ እንዳይነካው። ከነዚህ ከውሃው በጣም ተጠንቀቂ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ድገሚልኝ እስቲ።"

ደገምኩላት። ሣጥኑን በጥቁር ፌስታል፣ ፌስታሉን በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከታች አስቀመጥኩት። ከላይ የጸሎት መጽሐፌን፣ ቅያሪ ቀሚሴንና የመንገድ ጠበሌን ጨመርኩ። ያለ ጠበል ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ይዤ አውቶቡስ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ ቦርሳዬን አየና እጁን ዘረጋ።

"ማዘር፣ ይሄ ላይ ይወጣል።"

"አይወጣም፣ ልጄ። እቅፌ ላይ ነው የሚሄደው።"

"ምን ይዘው ነው፤ እንቁላል?"

"ከእንቁላል ይብሳል።"

ሳቀና ተወኝ። አውቶቡሱ ሞልቶ እስኪነሣ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ከዚያ በጦር ኃይሎች አድርጎ፣ መንገዱ ተዘግቶ እየቆመ እየተነሣ፣ ወደ ዓለም ባንክ መታጠፊያ ሲደርስ አንድ ሰዓት ሌላ አለፈ። ይህን ያህል ጊዜ ተጉዤ ገና ሰፈሬ አጠገብ ነኝ። ወርጄ ልጄን አይቼ ልመለስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሥላሴን ለምኜ ተውኩት፤ ቀኑም የእነሱ ነበር።

ከሰበታ በኋላ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። እኛ ሰፈር ክረምት ማለት ጭቃና የተዘጋ ቱቦ ነው፤ እዚያ ጤፉ ውሃ ለብሶ ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ወሊሶ የሚወርድ የቆርቆሮ ነጋዴ ነበር። የታቀፍኩት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣

"ታዲያ ይሄ ነገር ቆርቆሮዬን ሊያስቀርብኝ ነው?" አለኝ።

"እሱን እንኳ አልጠየቅኳትም።"

"ይጠይቁልኝ። ከሆነ ሌላ ሥራ ልፈልግ።"

ሲወርድ በመስኮቱ በኩል በቆሎ እሸት ገዝቶ ሰጠኝ። እጾም ስለነበር ለዘጠኝ ሰዓት አቆየሁት። እግዚአብሔር ይስጠው።

ከወልቂጤ በፊት ኬላ አስወረዱን። አንዲት ፈታሽ ሣጥኑን አወጣችና ፕላስተሩን በጥፍሯ ጀመረችው።

"የኔ ልጅ፣ አይከፈትም። ብርሃን ካየ ይበላሻል።"

"ብርሃን የማይወድ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? ሌባ ነው እንዴ?"

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ማኅተም ያለውን የትምህርት ክፍሉን ደብዳቤ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ልጅዎ ናት የሠራችው?"

"አዎ። አራስ ሆና ነው እኔ የመጣሁት።"

የጀመረችውን ፕላስተር በአውራ ጣቷ ተጭና መልሳ ለጠፈችው። "እንኳን ማርያም ማረችልዎ" ብላ ቦርሳውን በሁለት እጇ አቀበለችኝ። ፕላስተሩ ግን ያቺ ጥግ ላይ እንደ በፊቱ አልያዘም።

ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ሆነ። ፀሐይ በእኔ በኩል ነበረች። ቦርሳውን ከእግሬ ሥር አደረግኩ፤ ወለሉ ከሞተሩ የተነሣ ይፈጃል። መልሼ አነሣሁት፤ ነጠላዬን ደረብኩበት፤ ከፀሐይ ለማሸሽ በጎኑ አጋደምኩት። አንዲት ወጣት ሳልጠይቃት ተነሥታ በጥላው በኩል ያለ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አውቶቡሱ ጠመዝማዛው ላይ ሲያዘነብል እኔ የማስበው ሙቀቱን ብቻ ነበር።

ጅማ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። አብዱልሃኪም መናኸሪያው ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ከምሕረት ጋር በአንድ ክፍል የተማረ ልጅ ነው፤ መለኪያውን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ሆቴል አታድርም ብለው እናቱ ወይዘሮ ዘሃራ አስቀድመው ቤት አሰናድተው ነበር። ቤታቸው የቆርቆሮ ክዳን፣ ግቢው አቮካዶ፤ የመስጊዱ አዛን ልክ እንደ ኮልፌ ቅርብ ነው። በእሱ ብቻ አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

ክፍሌ ገብቼ መጽሐፌን ለማውጣት ቦርሳውን ከፈትኩ። እጄ እርጥብ ነገር ነካ።

የጠበሉ ጠርሙስ ክዳን ላልቶ ነበር። ግማሹ የለም። ቀሚሴ ርሷል፤ የመጽሐፌ ቅጠሎች አብጠዋል፤ ፎጣው ሲጨመቅ ይንጠባጠባል። ፌስታሉ ሥር ውሃ ተኝቷል። ያቺ የተነሣችው የፕላስተር ጥግ እዚያው ውሃ ውስጥ ናት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ሦስት ነገር አስጠንቅቃኛለች፤ እኔም ደግሜላታለሁ። ውሃ እንዳይነካው ስትለኝ ስለ ዝናብ አሰብኩ፣ ስለ ጎርፍ አሰብኩ፣ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ጠበል ውሃ መሆኑ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። እንዲጠብቀው ብዬ ነበር ከላዩ ያስቀመጥኩት።

ስልኬ ጮኸ። ምሕረት ናት።

"ደረስሽ እማዬ? ሣጥኑ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ደረቅ ነው?"

"ደህና ነው አልኩሽ እኮ። ሕፃኗ ጠባች?"

እንዲህ ብዬ ዘጋሁት። በጾም ዋሸሁ።

ወይዘሮ ዘሃራ እራት ይዘው ገቡ። ጎመን፣ ሽሮ፣ ሎሚ የተጨመቀበት አቮካዶ። እኛ ጋ አቮካዶ በብርጭቆ ነው የሚታወቀው፤ እዚያ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ይበላል።

"ድስቱ አዲስ ነው" አሉኝ። "ዛሬ ነው የገዛሁት። ሥጋም ቅቤም አልገባበትም፤ ሳትጨነቂ ብይ።"

ለእኔ ጾም ብለው ድስት የገዙ ሰው ፊት ከጎመኑ ጥቂት ቀመስኩ። መጽሐፉን አዩና ምንም ሳይጠይቁ የከሰል ማንደጃ አቀረቡ፤ ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ያደርቁልኝ ጀመር።

"ይሄንንም ቆርቆሮ አምጪው፣ እናሙቀው።"

"አይሆንም! ሙቀት አይወድም።"

"ፀሐይ ላይ ነገ እናውጣዋ።"

"ብርሃንም አይወድም።"

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። "ውሃ አይወድ፣ እሳት አይወድ፣ ፀሐይ አይወድ። ታዲያ ለፀሐይ ለምን ተሠራ?"

ሣጥኑን ውጭ ውጩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ በሌላ ጨርቅ ጠቅልዬ ራስጌዬ አኖርኩት።

ረቡዕ

ቤተ ሙከራው ድረስ በባጃጅ ሄድን። ካፊያ ነበር። አብዱልሃኪም ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ጓንት ሲያጠልቅ፣ ካሁን በኋላ ዝም ብል የልጄ ሥራ የተበላሸ ይመስላል ብዬ አሰብኩ።

"ልጄ፣ ሳትከፍተው አንድ ነገር ልንገርህ። ውሃ ገብቶበታል። ቦርሳዬ ውስጥ ጠርሙስ ፈሰሰ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "የምን ውሃ ነው፣ እማማ?"

"ጠበል።"

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። "አያቴም ዘምዘም ይዘው ነው የሚሄዱት" አለ። ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ። "ይህን ግን ውጤቱ ላይ መጻፍ አለብኝ። ምሕረትም መምህሯም ያነቡታል።"

እንዳትጽፈው ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷ ነኝ፤ ለአንድ ዓመት የምታለቅሰው እኔ ባፈሰስኩት ውሃ መሆኑን በማኅተም እንድታነበው አልፈለግኩም።

"ባትጽፈው ምን ይሆናል?"

"የማይሠሩ ካሉ ከአሠራሯ ነው ይባላል።"

"ጻፈው እንግዲህ። እናቷ ናት ያፈሰሰችው ብለህ ጻፈው።"

ክፍሉን አጨለመው። ፀሐይን የሚያስመስል መብራት አለ፤ መስታወቱን ከሥሩ አድርጎ ሁለት ቀጭን መርፌ ያስነካዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ መስመር ይወጣል። "ጤነኛው መስመር ትከሻ አለው" አለኝ። "ቀጥ ብሎ ከሄደ፣ ወርዶ መታጠፍ ካቃተው፣ ሞቷል ማለት ነው።" እኔም ከኋላው ቆሜ ትከሻ መጠበቅ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ነበር። መርፌውን አንሥቶ ደግሞ አስነካው፤ ያው ነው። ሁለተኛውም ቀጥ አለ። መስታወቱ ላይ የተቀባው የብር መስመር ጠርዙ ላይ ተነፍቶ ዳመና መስሏል። ሦስተኛውን ሲያስገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አላለም፤ በዝምታው አወቅኩት። ሦስቱ ከሣጥኑ ሥር በኩል የነበሩት ናቸው።

የቀሩት ሦስት ናቸው። የሚያስፈልገውም ሦስት ነው።

አራተኛው ትከሻ አወጣ። እኔ ቁጥሩን አላየሁም፤ እሱ "ስድስት" አለ። አምስተኛውም ስድስት። ስድስተኛውን ሲያስነካ መስመሩ ተንቀጠቀጠና ጠፋ።

"ምን ሆነ?"

"ቆይ፣ እማማ።"

መርፌውን በጥጥ ጠረገ። ደግሞ አስነካ፤ ጠፋ። እኔ ድምፄን ሳላወጣ ድንግልን ያዝኳት። መስታወቱን አዙሮ፣ ከሌላው ጫፍ አስነካው። መስመሩ ወጣ፤ ትከሻውም ዝቅ ያለ ቢሆንም አለ። አምስት። ደጋግሞ ለካው፤ ሁሉም ጊዜ ያው ነው።

"ይሠራል" አለኝ። "ደክሟል፤ ግን ይሠራል።"

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ወንበር አመጣልኝ። የሞቱትን ሦስቱንም እንደ ሕያዋኑ በወረቀት ጠቅልሎ መለሰልኝ፤ ልጄ ልታያቸው ትፈልጋለች አለ። ወረቀቱን ጻፈ፤ እርጥበቱንም ጻፈ፤ በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ።

ቤት ስንመለስ ወይዘሮ ዘሃራ ከበር ጠበቁን።

"እንዴት ነው ፀሐይ የማይወደው?"

"ሦስቱ ተርፈዋል።"

"አልሐምዱሊላህ። ነይ ግቢ፣ መጽሐፍሽም ደርቋል።"

ሐሙስ

በጠዋት ተሸኘሁ። ወይዘሮ ዘሃራ ለአራሷ ማር፣ ለሕፃኗ ጥጥ ቀሚስ አሲያዙኝ። የቀረውን ጠበል ጠርሙሱን ሌላ ፌስታል ውስጥ አሥረው፣ "ይሄኛውን በእጅሽ" ብለው ለብቻው ሰጡኝ።

የመመለሻው መንገድ አጭር ሆነብኝ፤ እንዲያጥርም አልፈለግኩም። ጊቤን ስናልፍ ፖስታው ደረቴ ላይ ነበር። ምሕረት ከማንበቧ በፊት እኔ ልነግራት፣ ወሬው ከወረቀት እንዳይመጣባት ወሰንኩ። እንዴት እንደምጀምረው ከወልቂጤ እስከ ሰበታ አሰብኩ፤ አንዱንም አልተጠቀምኩበትም።

ጦር ኃይሎች ስደርስ ዝናቡ ያወርደዋል። የኮልፌ ታክሲ ሰልፍ ረዥም ነው። ቤት የደረስኩት ጫማዬ ጭቃ እስኪጠግብ ተራምጄ ነው። እትዬ ብርሃኔ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ምሕረት አልጋ ላይ ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ተመስገን።

"ጠበሉ ፈሰሰበት" አልኳት፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ።

"የቱ ጠበል?"

"የኔ። አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጌው። ሦስቱ ሞቱ። ሦስቱ አሉ።"

ፖስታውን ተቀብላ ቀደደች። አነበበች። ረዥም ጊዜ አነበበች።

"እዚህ ላይ እናቷ ናት ያፈሰሰችው ይላል።"

"እኔ ነኝ ጻፍ ያልኩት።"

"ማክሰኞ ደህና ነው አላልሽኝም?"

"ብዬሻለሁ።"

"ዋሸሽኝ።"

"ዋሸሁሽ።"

"በፍልሰታ።"

"በፍልሰታ።"

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ስታወጣው ሳቅ ነው።

"አታስቂኝ፣ ስፌቴ ይቀደዳል" አለች ሆዷን ይዛ። "ውሃ ስልሽ ጠበልንም ጨምሬ መናገር ነበረብኝ።"

እትዬ ብርሃኔ ምንም ሳይገባት አብራ ሳቀች። ምሕረት ግን የሞቱትን ሦስቱን አንድ በአንድ ስትገልጥ ሳቋ ቆመ። የተነፋውን ጠርዝ በጣቷ ሳትነካ እያየች ቆየች። የሁለት ዓመት ድካሟ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለመምህሯ ላከች። መልሱ ሳይመሽ መጣ፤ ጮክ ብላ አነበበችልን። ሦስት ይበቃል፤ የእርጥበቱን ነገር በግርጌ ግልጽ አድርጊው፤ ሦስቱን ደግሞ ከአራስ ቤት ስትወጪ ትሠሪያቸዋለሽ፤ ይላል። ዓመቱ አይደገምም። እትዬ ብርሃኔ እልል አለች። እኔ እልል ማለት አልቻልኩም፤ ተንበርክኬ መሬቱን ሳምኩ።

በማግሥቱ አርብ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ፣ ከስንት ቀን በኋላ ፀሐይ ወጥታ አገኘሁ። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን አዲሱን ጠበል ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ፣ ሌላ ነገር በሌለበት፣ ለብቻው ሰቀልኩት። ከዚያ ሕፃኗን ታቅፌ ደጃፉ ላይ ወጣሁ፤ ደንቡ ነውና ፀሐይ ላሞቃት።

"እማዬ፣ ብዙ እንዳታቆያት!" አለች ምሕረት ከውስጥ።

"ሰምቻለሁ።"

"ድገሚልኝ እስቲ።"

ደገምኩላት። ፊቷን በነጠላዬ ጋረድኩ፤ ሁለቱን ትንንሽ እግሮቿን ብቻ ለፀሐይ ተውኩ።